ዶሮ እስኪጮህ፦ ለጥቅምት ምሽቶች የመረጥኳቸው የድሮ አስፈሪ ቪዲዮዎች

ፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 የሚያከብሩት ሃሎዊን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። በሰሜን ሸዋ ዕለቱ ወርኃዊው የማርያም ቀን እንጂ የጭምብልና የዱባ ፋኖስ በዓል አይደለም፤ እናክብረው የሚል ሐሳብም የለኝም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የድሮ አስፈሪ ቪዲዮዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዘዋወራሉ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ባና ተከናንቦ ልጅነትን የሚያስታውሱ ቪዲዮዎችን ለማየት ከጥቅምትና ከኅዳር ምሽቶች የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

እኔ አስፈሪ ታሪክን የምለካው ዶሮ ሲጮህ በሚሆነው ነገር ነው። በልጅነቴ ምድጃ ዳር በሰማኋቸው ተረቶች ሌሊቱ የጅብና የሰይጣን ነበር፤ ዶሮ ከጮኸ ግን ሥልጣናቸው ያበቃል፣ ሲያዳምጥ የቆየው ልጅም እፎይ ብሎ ይተኛል። የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው «የአጽሞች ዳንስ» ልቤን የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው። አብ አይወርክስ የሣለውና ካርል ስታሊንግ ሙዚቃውን ያዘጋጀለት ይህ ጥቁርና ነጭ ካርቱን ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም። ጉጉት ታፈጣለች፣ ውሻ ወደ ጨረቃ አንጋጦ ያላዝናል፣ ሁለት ጥቁር ድመቶች በመቃብር ድንጋይ ላይ ይጣላሉ፤ ከዚያ አጽሞቹ ይወጣሉ። አንዱ የሌላውን አከርካሪ በአጥንት እየመታ ዜማ ሲያወጣበት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ምት ከድምፁ ጋር ዝንፍ ሳይል ይገጥማል። ዶሮ ሲጮህ ተደናግጠው ይጋጩና ተዘበራርቀው ወደ መቃብሩ ይገባሉ፤ ወደ ኋላ የቀሩት ሁለት እግሮች የተዘጋውን ድንጋይ ሲመቱ አንድ እጅ ወጥቶ ይስባቸዋል። ልጆች እዚህ ላይ ሲስቁ ፍርሃታቸው አብሮ ይወጣል።

«ኖስፌራቱ»ም በዶሮ ጩኸት ያበቃል። ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የሠራው ይህ ድምፅ አልባ ፊልም ያለ ፈቃድ ከ«ድራኩላ» ልብ ወለድ የተወሰደ ስለነበር፣ የደራሲው የብራም ስቶከር ባለቤት ከስሳ፣ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ተፈርዶ ነበር፤ ከጥፋት የተረፉት ቅጂዎች ናቸው ለእኛ ያደረሱት። ደም መጣጩ ደረጃውን ሲወጣ ካሜራው የሚያሳየን ጥላውን ብቻ ነው፤ የጎበጠው ትከሻና የረዘሙት ጣቶች በግድግዳው ላይ ቀስ እያሉ ወደ በሩ ይጠጋሉ። በዛሬዎቹ ፊልሞች እንደ ጎርፍ የሚፈስሰው ደም የዚህን ጥላ ያህል አያስፈራኝም። ንጋት ላይ ዶሮ ይጮሃል፣ የፀሐይዋ ብርሃን በመስኮት ይገባል፣ ያ ፍጡርም እንደ ጢስ በንኖ ይጠፋል።

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደግን ሰዎች የማንረሳው ግን የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ነው። እኔ ያየሁት ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዳ በኖረ፣ ምስሉ በሚንቀጠቀጥ ቅጂ ሲሆን፣ ዴኩ በመሃል ቴፑን ሲይዝ ፍርሃታችን ይብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የወጣው፣ ጆን ላንዲስ ያዘጋጀውና ወደ 14 ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ሥራ፣ በጥንቆላ ማመንን እንደማይደግፍ በሚገልጽ የዘፋኙ ማሳሰቢያ ይጀምራል፤ ሃይማኖተኛ ወላጅ ላለው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ግን ዶሮ አይጮህም። ሁሉም ሕልም ነበር ብለን ስንረጋጋ ማይክል ዞር ይላል፣ ዓይኖቹም እንደ ድመት ቢጫ ሆነው ይታያሉ።

ሰው ወደ አውሬ ሲለወጥ ስናይ አንድ ነገር ለልጆች መንገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። በአገራችን የጅብና የቡዳ ወሬ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሲያስገልል ኖሯል፤ የፊልም ጭራቅ ግን ሜካፕ እንደሆነ፣ የ«ትሪለር»ንም የሠራው ሪክ ቤከር እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል።

የመጨረሻው ምርጫዬ ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ነው። ርዕሱ ሲቀየር የባለቤትነት መብት ማሳሰቢያው ሳይገባ በመቅረቱ የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይቻላል፣ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዱዌን ጆንስ የሚተውነው ቤን ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ጋር ታግሎ ይነጋለታል፤ ሆኖም በጠዋት የመጡት ታጣቂዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል። ንጋትም ሳያድነው የቀረውን ይህን ሰው አዋቂዎች ብቻ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲያዩት እመክራለሁ።