የድንች ቫይረስ ምርመራ ከቅጠል መረጣ ይጀምራል

የታመመ ድንች ሁሉ የታመመ አይመስልም። ቅጠሉ የተጠቀለለ ወይም የተዥጎረጎረ ተክል ለዓይን ይታያል፤ ኤክስና ኤስ የሚባሉት የድንች ቫይረሶች ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ተክሉ ውስጥ ይቆያሉ። ድንች የሚተከለው ራሱ ድንቹ ስለሆነ ቫይረሱም ከዘሩ ጋር ለከርሞ ይተላለፋል። የዘር ድንች እየመረመርኩ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ የውጤቱ ግማሽ የሚወሰነው ናሙናው ቤተ ሙከራ ሳይደርስ መሆኑን ነው።

ቅጠል ጠቅላዩን ቫይረስ እንውሰድ። ይህ ቫይረስ የሚኖረው ምግብ በሚያጓጉዙት የተክሉ ቧንቧዎች ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቅጠሉ ጠርዝ የተቆረጠች ቁራጭ ብዙም አትጠቅመኝም፤ የቅጠሉን ዘንግና የመሃሉን ወፍራም ደም ስር ጨምሬ እፈጫለሁ። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅጠል ከላይ፣ አንድ ከታች መቁረጥ ልማዴ ሆኗል፤ ቫይረሶቹ በተክሉ ውስጥ እኩል አይሰራጩምና። የተክል ጭማቂ እየመጠጠች ቫይረስ የምታዛምት ትንሿ ነፍሳት፣ ክሽክሽ፣ ትናንት የበከለችው ተክል ዛሬ ቢመረመር ነፃ ሊባል ይችላል፤ ቫይረሱ እስኪባዛ ጊዜ ይፈልጋል።

የምሠራው በኤላይዛ ነው፤ ቫይረሱን በአንቲቦዲ ይዞ በቀለም የሚያሳይ፣ ክላርክና አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕፅዋት ቫይረስ ምርመራ ያስተዋወቁት ዘዴ። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ፕሌት ላይ ቫይረሱን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ፣ ይለጠፋል። ፕሌቱ ይታጠብና በባፈር (አሲድነቱ በማይለዋወጥ ውህድ ፈሳሽ) የተፈጨው የቅጠል ጭማቂ ይጨመርበታል፤ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድራል። ጠዋት ታጥቦ ኢንዛይም የተያያዘበት ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ከሌላ አጠባ በኋላ ደግሞ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ይገባል። ቫይረሱ ካለ ጉድጓዱ ቢጫ ይሆናል፣ መሣሪያውም በ405 ናኖሜትር ያነበዋል።

አዲስ ሰው ስለ መሣሪያው ይጨነቃል። እኔ ግን የምጨነቀው ስለ አጠባው ነው። ያልተያዘው ኢንዛይም በደንብ ካልወጣ ጤነኛውም ቢጫ ይሆናል፤ ፕሌቱን ገልብጦ በወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይህን ያህል ዋጋ አለው። ጓንትና መፍጫም እንዲሁ፦ ኤክስ ቫይረስ በንክኪ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ የአንዱ ተክል ጭማቂ ወደ ሌላው ከገባ የማነበው የእጄን ንጽህና እንጂ የተክሉን ጤና አይደለም።

በየፕሌቱ ላይ በሽታው ያለበት፣ ጤነኛ የሆነና ባዶ ባፈር የያዘ ማነጻጸሪያ አስቀምጣለሁ። ጤነኛው ማነጻጸሪያ ራሱ ድንች መሆን አለበት፣ ዕድሜውም ከናሙናዎቹ ብዙ ባይርቅ ይመረጣል። የናሙናው ንባብ የጤነኞቹን አማካይ ንባብ እጥፍ ካለፈ ብዙዎች «አለበት» ይላሉ፤ እኔም በዚሁ እጀምራለሁ፣ ድንበሩ አካባቢ የወደቀውን ግን አልፈርድበትም፣ ደግሜ እሠራዋለሁ። የፕሌቱ ዳር ያሉ ጉድጓዶች በሙቀት ልዩነት የተነሳ ከመሃሉ የተለየ ንባብ ሊሰጡ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ናሙና በሁለት ጉድጓድ እሠራለሁ።

ወጪ ለመቆጠብ የብዙ ተክሎችን ቅጠል አንድ ላይ መፍጨት ይቻላል። ለማሳ ግምት ደህና ነው። በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ከትንሽ የተክል ቁራጭ፣ ለሚባዛ እናት ተክል ግን በፍጹም አልስማማም፤ ከእሷ ስንት ሺህ ተክል እንደሚወጣ ማሰብ በቂ ነው።

ከአዝመራ በኋላ የሚመጣው ድንች ሌላ ጣጣ አለው። ገና እንቅልፍ ላይ ባለ፣ ባላጎነቆለ ድንች ውስጥ ኤላይዛ ቫይረሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ዓይን ያለበትን ቁራጭ አውጥቼ በጅብረሊክ አሲድ በተባለ የዕፅዋት ሆርሞን አነቃውና በመስታወት ቤት አበቅለዋለሁ፤ የምመረምረው የወጣውን ቅጠል ነው። ቶሎ መልስ ሲፈለግ የቫይረሱን የዘረመል ቁስ አባዝቶ የሚለየው ዘዴ፣ ፒሲአር፣ ድንቹን በቀጥታ ይመረምራል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል።

እንደ ፒሲአር ያለ ዘዴ የግድ የሚሆንበትም አለ። የድንች እንዝርት ቫይሮይድ፣ ከቫይረስም ያነሰ በሽታ አምጪ፣ የፕሮቲን ልባስ የለውም፣ አንቲቦዲው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ኤላይዛ ፈጽሞ አያየውም። በሪፖርቴ ላይ «ከቫይረስ ነፃ» ብዬ የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ የመረመርኳቸውን ቫይረሶች በስም ዘርዝሬ፣ የተጠቀምኩበትን ዘዴና ናሙናው የተወሰደበትን የተክል ክፍል ጨምሬ «አልተገኘም» እላለሁ።