ኮርማን ከመንጋው ነጥሎ ማክረም፦ እስካሁን የደረስኩበት

ዘንድሮ ኮርማዎቼ ክረምቱን ሥጋቸውን እንደያዙ ወጡ። አጥሩም አንድ ግንድ አልተነቀለበትም። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ኮርማ ለይታችሁ ያከረማችሁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ለምን እንደሚለይ ብዙ አላወራም። ላም የምታረግዘው ወደ 283 ቀን ገደማ ነው። ኮርማው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ከዋለ ጥጃው በፈለገው ወር ይወለዳል፤ አንዱ በጭቃና በብርድ መሃል፣ ሌላው መኖ በሚያጥርበት ሰሞን። ያልደረሰች ጊደርም ትጠቃለች፣ ማለትም ኮርማ ይወጣባታል። ጊደር ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት 60 እስከ 65 በመቶውን ሳትይዝ ባትጠቃ ይመረጣል። ኮርማ መሃል ላይ ቆሞ ይህን መጠበቅ አይቻልም። ኮርማውም ቢሆን ዕረፍት ያስፈልገዋል። በስሪያ ወራት መኖ ትቶ ላም ሲከተል ስለሚውል ክብደት ይጥላል፤ መልሶ ሥጋ የሚይዘው ተለይቶ በሚከርምበት ጊዜ ነው።

በረት መሥራቱና ድርቆሽ ማዘጋጀቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የኮርማው አጥር ለአጥር መመላለስ ነው።

ከላሞቹ እንደተለየ በእነሱ በኩል ያለውን አጥር ይዞ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቀን ይመላለሳል፣ ሌሊት ይመላለሳል። የረገጠው መሬት ቦይ ሆኖ ውሃ ያቁራል፣ ሰኮናውም ከእርጥበት አይወጣም። ድርቆሽ ስታቀርቡለት ሁለቴ ጎረስ አድርጎ ወደ አጥሩ ይመለሳል። ያላረገዘች ላም ደግሞ በየ21 ቀኑ ገደማ ትደራለች፣ ማለትም ኮርማ ትፈልጋለች። ያን ቀን ማጓራቱ ነው፣ መሬት መቆፈሩ ነው፣ አጥሩን በግንባሩ መግፋቱ ነው።

ያማከርኳቸው ሁሉ አጥሩን አጠንክር አሉኝ። አጠነከርኩ። ግንዱ ወፍራም፣ ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ከፍታው ከ1.5 ሜትር በላይ ነው። ይህ የግድ ነው፣ አልከራከርም። ግን አጥር ኮርማን ያስቀረዋል እንጂ አያረጋጋውም። ያልተረጋጋ ኮርማ ደግሞ የሚበላውን ሁሉ በእግሩ ያቃጥለዋል።

ለውጥ ያመጡልኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ርቀት ነው። የኮርማውና የላሞቹ በረት አንድ አጥር መጋራት የለበትም። በመሃል ባዶ መሬት ይኑር። ከተቻለ ነፋሱ ከኮርማው ወደ ላሞቹ የሚሄድበትን ቦታ ምረጡ፤ ኮርማ ላም መድራቷን በማሽተትም ያውቃልና።

ሁለተኛውና እኔ የምምልበት ጓደኛ ነው። ረጋ ያለ የተኮላሸ በሬ አብሬው አስገባሁ። ኮርማው ዞሮ ዞሮ አሸተተው፣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ አንገቱን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ከዚያ ተወው። በሬው ምንም ሳይመስለው ጭዱ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ኮርማው ወደ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ከበሬው ጎን ተንበረከከና ተኛ። ጎን ለጎን ሆነው ሲያመሰኩ ብዙ ቆሜ አየኋቸው። ያ ቦይ የሆነው መሬት አሁን ሣር አብቅሎበታል።

ስለዚህ ኮርማን በአፍንጫ ቀለበትና በገመድ አስሮ ክረምቱን ሙሉ ለብቻው ማቆም የሚባለውን ዘዴ ፈጽሞ አልደግፍም። ከብት የመንጋ እንስሳ ነው። ከወገኑ ተነጥሎ በሰው እጅ ብቻ ያደገ ኮርማ ሰው ላይ ለመነሳትም የባሰ ነው። ያረገዘች ላም አብራችሁ የምታኖሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱም ይሠራል። እኔ ግን መውለጃዋ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ስለሚመጣ በሬውን እመርጣለሁ።

ከአንድ በላይ ኮርማ ካላችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ለሁሉም አዲስ ወደሆነ ሰፊ ቦታ አስገቡ። ቀድሞ የገባው ቦታውን የራሱ ያደርገውና መጤውን አያስቀምጠውም። መዋጋታቸው አይቀርም፤ አደጋው ተሸናፊው መሸሻ ሲያጣ ነው። የበረቴን ማዕዘኖች በአግድም ግንድ ዘግቼ ክብ ቢጤ አድርጌያቸዋለሁ። ጥግ የሌለው በረት ብዙ ጎድን ያድናል።

ለሰውም መውጫ ተዉ። ሰው በጎኑ ሾልኮ የሚያልፍበት፣ ኮርማ የማይገባበት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት በየአቅጣጫው ይኑር። ኮርማ ጎኑን ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ከቆመ እያስፈራራችሁ ነው። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ወደ ኋላ ውጡ። የቱንም ያህል የዋህ ቢሆን ጀርባ አይሰጠውም።

ስለ መኝታው አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚንቀው። ጭዱ ደረቅና ወፍራም ይሁን፣ ነፋስ የሚከልል ነገርም ይኑር። ኃይለኛ ብርድ ቆለጡን ይጎዳዋል። የኮርማ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 60 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ጉዳት የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ፣ ላሞቹ ሳያረግዙ ሲቀሩ ነው። በዚህም ምክንያት ወደ መንጋው ከመመለሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብዬ በእንስሳት ሐኪም አስመረምረዋለሁ። የቆለጥ ዙሪያውም ይለካል፦ እስከ 15 ወር ላለ ወይፈን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ዓመት ላለፈው ደግሞ 34።

ገና ያልፈታሁት የወይፈኖቹ ነገር ነው። እያደጉ ስለሆነ የበለጠ መኖ ይፈልጋሉ፣ ከትልልቆቹ ጋር ሲሆኑ ደግሞ ከገበታው ይገፋሉ። አሁን ለብቻ ናቸው። ከስሪያው ወራት በፊት ግን ከትልልቆቹ ጋር መላመድ አለባቸው፤ ላም ፊት ከሚዋጉ አስቀድመው ማን አለቃ እንደሆነ ቢለዩ ይሻላል። እናንተ የምትቀላቅሏቸው መቼ ነው? መኖውንስ እንዴት ታካፍላላችሁ?