ከፎደራው በፊት

ዛሬ አራት ኪሎ ካለችው የስፌት ክፍሌ የወጣሁት ከመሸ በኋላ ነው፤ ለመልስ የታዘዘውን የሳቲን ቀሚስ የደረት ክፍል እንደገና መሥራት ነበረብኝ። በሙቀት የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ጨርቅ በቀጥታ በሳቲኑ ጀርባ ላይ ስለጥፍ፣ ካውያውን እየጫንኩ በማንሳት ፈንታ ስለጎተትኩት፣ ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ወጣበት። (አስቀድሜ በቁራጭ ላይ አለመሞከሬን ለተለማማጄ አልነገርኳትም።) ስለዚህ ከተረፈው ሳቲን አዲስ ቆርጬ፣ ታጥቦ የደረቀ ስስ የጥጥ ጨርቅ በዚያው ልክ አዘጋጀሁና ማጠንከሪያውን በጥጡ ላይ ለጥፌ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ዙሪያቸውን በእጅ ወሰወስኳቸው። ይህ የጥጥ ድርብ እንደ ፎደራ መጨረሻ ላይ የሚገባ ሳይሆን ከላይኛው ጨርቅ ጋር አብሮ የሚሰፋ በመሆኑ፣ የስፌቱ ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ወደ ውስጥ የሚቀረው የጨርቅ ጠርዝ) ወደ ውጭ እንዳይታይ ይሸፍናል፤ የታችኛውን ጠርዝ በእጅ ስሰፋም መርፌዬ ጥጡን ብቻ ስለያዘ ሳቲኑ ላይ አንዲት ነጥብ አልታየችም። አንገቱ ለነገ ተላልፏል።