የደብረ ታቦር ሜዳ ይከፈት፤ ተርሚናሉ ይቆይ

ሥራዬ ባሕር ዳር ውስጥ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ነው። ስለዚህ «የደብረ ታቦር አውሮፕላን ማረፊያ ይከፈት» ስል ጥቅም እንዳለኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ኮሚሽኑ ግን ከሻይ አያልፍም።

ከደብረ ታቦር የሚመጣ ተጓዥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በዋዜማው መጥቶ አልጋ ይዞ ያድራል። ሌላው ሌሊት ተነሥቶ በዓለም በር፣ በወረታና በሐሙሲት ሲገሰግስ መንገድ ያስቀረውና አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ይደውልልኛል። የቀን ማስቀየሪያውን ቅጣት ስነግረው «ይሄማ ሌላ ቲኬት ነው እንጂ!» ይላል።

ባለፈው አንድ አባት ባለቤታቸውን ለማሳከም አዲስ አበባ ሊሄዱ መጡ። የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ቲኬቱን ስሰጣቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣

«ልጄ፣ ከእኛው አገር የሚነሣ የለሽም?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ድሮ ቀረ።»

«ድሮማ እኔም አውቀዋለሁ። በዳኮታ ጊዜ ከሜዳው ከብት የምናባርረው እኛ ነበርን» ብለው ሳቁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእነዚያው ዳኮታ በሚባሉ አውሮፕላኖች ነው፤ ሣርም ይሁን ጠጠር አይመርጡም ነበር። ደብረ ታቦር ዲቢቲ የሚል ዓለም አቀፍ ኮድ አላት፣ ሞጣም ኦቲኤ የሚል። ኮዱ አለ፣ በረራው የለም።

«ለመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ አውሮፕላን?» የሚሉኝ አሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ልክ ናቸው፤ እኔም በሚኒባስ ነው የምሄደው። መንገድ ሲዘጋ ግን ኪሎ ሜትር ቢቆጥሩት ምን ይረባል? በ2015 ክረምት የባሕር ዳርና የጎንደር በረራ ለቀናት ሲቋረጥ እኛም ቀምሰነዋል፤ ስልኬ ሲጮኽ ውሎ ሲጮኽ ያድር ነበር። ደብረ ታቦር ሁልጊዜ እንደዚያ ናት።

ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው ግን ባለመስታወት ተርሚናልና ቦይንግ የሚያሳርፍ አስፋልት ነው። መጨረሻው ይታወቃል፦ የመሠረት ድንጋይ። ድንጋይ ደግሞ ጉና ሥር መች ጠፋ! እኔ የምለው እንደ ሴስና ካራቫን ያለች፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ጭና ጠጠር ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ትመደብ ነው። ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሥታ ባሕር ዳር፣ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለአዲስ አበባው በረራ ታድርስ፤ ሌላ አላልኩም።

ትንሽ ናት ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ባሕር ዳርን ወደ 900 ሜትር ትበልጣታለች። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ያቺው አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ትፈልጋለች፣ ካላገኘች ሰው ወይም ሻንጣ ትቀንሳለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜዳውን በሐቅ የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከዚያ ለከብቱ አጥር፣ ለወፉ ደግሞ ሥራዬ ብሎ የሚያባርር ሰው። የወፉን ነገር እንደ ቀልድ የሚያይ ካለ፣ መስከረም 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 እርግቦች ሞተሩ ውስጥ ገብተውበት ተከስክሶ 35 ሰው አልቋል።

ወጪው አያስፈራም አልልም። ግን ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጠ አገር አንድ ሜዳ መደልደል አያቅተውም።

ማን ይሳፈርባታል? ከደንበኞቼ አውቀዋለሁ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በአበል የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ለቡሄ አገሩ የሚገባ ዲያስፖራ። ታማሚው ግን ዋጋውን አይችለውም። ስለዚህ ሁለት ወንበር ለሪፈር ታማሚና ለአስታማሚው በቅናሽ ይያዝ፣ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍን። ቲኬቱም ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ተብሎ አንድ ላይ ይቆረጥ፤ ትንሿ ብትዘገይ ትልቁን ያለ ቅጣት የሚያስቀይር ይሁን።