ቡቺ እግሩን የሚልሰው ለምን ነበር

ቡቺ እግሩን መላስ ሲጀምር ራሱን የሚያጸዳ ነው የመሰለኝ። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያለው ነጭ ፀጉር ወደ ቡኒ ተለወጠ። ቆሻሻ ነው ብዬ አጠብኩት፣ አልለቀቀም። ለካ የምራቁ ቀለም ነው፤ ውሻ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲልስ ምራቁ ነጭ ፀጉርን ያቀልማል። ቀጥሎ ጆሮው መጣ። ሌሊቱን ሲያከው ያድራል፣ ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ስጠጋው ደግሞ ጆሮው ይሸታል። ጠብታ ታዘዘለት፣ ዳነ። በወሩ ተመለሰ። ሌላ ጠብታ፣ ዳነ፣ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ነው ሐኪሟ "የጆሮው ውስጥም እኮ ቆዳ ነው፣ እስቲ መላ ቆዳውን እንየው" ያለችኝ። ብብቱና ብሽሽቱ ቀልተው ነበር። እኔ አላየሁም። እንዲህ ፀጉር የሸፈነው ትንሽ ውሻ ገልጠው ካላዩት አይታወቅበትም።

እኔ ምግብ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን መጀመሪያ ያወጣችው ማበጠሪያ ነው። ቁንጫ የለበትም ብዬ ተሟገትኩ። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ ግን ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል፤ ቁንጫዋን ራሷን ደግሞ እየላሰ ስለሚውጣት ፈልጋችሁ ላታገኟት ትችላላችሁ። ከፀጉሩ የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ዙሪያው ወደ ቀይ ቡኒ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የተፈጨ ደም ማለት ነው። ቡቺ ላይ ምንም አልተገኘም፣ መድኃኒቱን ግን ወሰደ፣ ምክንያቱም ቁንጫ ሳይወገድ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። (ቤታችሁ ድመት ካለች የውሻ ቁንጫ መድኃኒት እንዳታደርጉባት፣ አደራ። ፐርሜትሪን የሚባለው የቁንጫ ገዳይ ያለበት ድመትን ይገድላል።)

ከቁንጫ ቀጥሎ የሚጠረጠረው አካባቢው ነው፦ የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት። ይሄ እንዲያውም ከምግብ አለርጂ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ውሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። ወቅት ጠብቆ የሚብስ ማሳከክ ወደዚህ ያደላል። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ፣ ከተቅማጥ ወይም ከትውከት ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ምግብን መጠርጠር ነው። ሁለቱም በአንድ ውሻ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

"ታዲያ በደም ምርመራ አይለይም?" ብዬ ጠየቅኩ። አይለይም። ለምግብ አለርጂ የደም፣ የምራቅ ወይም የፀጉር ምርመራ አያስተማምንም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ቢያንስ 8 ሳምንት ሙሉ አንድ የተመረጠ ምግብ ብቻ መስጠት፣ ከዚያ የድሮውን መልሶ ማስቀመስና ማየት። የተመረጠው ምግብ ወይ ውሻው በሕይወቱ ቀምሶት የማያውቀው ሥጋ ነው፣ ወይ ፕሮቲኑ የሰውነት መከላከያ እንዳይለየው በጣም ተሰባብሮ የተሠራ ነው። እኛ ሁለተኛውን ያዝን። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ያህል ምግብ ስቀያይር ነበር። ጥፋተኛው እህል ነው ሲሉ ሰምቼ እህል የሌለውን እገዛለሁ። ስንዴ የማይስማማው ውሻ አለ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ችግር የሚፈጥሩት የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤቶች፣ እንዲሁም ዶሮ ናቸው። በፊት ለፊቱ "የበግ" ተብሎ የተጻፈበትን ከረጢት ገልብጣችሁ ከኋላ አንብቡት፣ የዶሮ ጉበት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ውሻው አላስቸገረም። ያስቸገርነው እኛ ነን። በአምስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ቀንሶ ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ቀን ማታ እንደገና ጀመረው። ማን ምን ሰጠው? እማዬ ናት። "አንዲት ጉርሻ ሥጋ ናት፣ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አንጀቴ አልቻለም" አለች። ምን እላታለሁ? ስለምትወደው ነው። ግን ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ለሚያልፍ ውሻ የእኛ አንዲት ጉርሻ ትልቅ ምግብ ናት፣ አለርጂ ደግሞ ከዚያች ባነሰውም ይነሳል። እንደገና ከአንድ ጀመርን። በዚህኛው ዙር በሥጋ ጣዕም የተሠራውን የሚታኘክ ክኒን ሐኪሟ ጣዕም በሌለው ቀየረችልን። እኔ ክኒን ምግብ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንቅልፍ እንዲያገኝ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ማሳከክ የሚቀንስ መድኃኒት ሰጥታው ነበር፣ ከዚያ አቆመችው፣ አለበለዚያ ያዳነው ምግቡ ይሁን መድኃኒቱ አይታወቅም።

በስምንተኛው ሳምንት ቡቺ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። እኔም። ከዚያ የሚከብደው መጣ፦ የበሬ ሥጋ መልሶ ማስቀመስ። ገና ሰላም ያገኘን ውሻ እያወቁ ማሳከክ ያሳዝናል። ግን ካልተሞከረ ምን እንደጎዳው ሳይታወቅ ይቀራል። ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ቡቺ በሦስተኛው ቀን መዳፉን አፉ ውስጥ ከተተ። ሥጋው ቆመ፣ ሲረጋጋ ዶሮ ሞከርን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም።

ቆዳው እስኪጠግን በታዘዘለት ሻምፖ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥበው ነበር። አረፋው ላዩ ላይ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ ቶሎ ካለቀለቃችሁት አይሠራም። የሰው ሻምፖ ለውሻ ቆዳ አይሆንም። የሰው የአለርጂ ሽሮፕም ሳትጠይቁ አትስጡ፣ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው፣ ትንሽ ውሻን ደግሞ ጥቂቱ ይጎዳዋል። ፊቱ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ስለ ምግብ ማሰቡን ትታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ።

አሁን እንቁላል ላይ ነን። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከጣቶቹ መካከል የበቀለው አዲስ ፀጉር ነጭ ነው።