12.7 ያሳየው ባትሪ

ሞተር ሳይክሉ ጠዋት ከጋራዥ ሲወጣ ባትሪው በቴስተር ተለክቷል፤ 12.7 ቮልት። መካኒኩ ወረቀቱ ላይ «ባትሪ ደህና» ብሎ ጻፈና ቁልፉን ለዕቃ አመላላሹ ሰጠው። ልጁ ሦስተኛው ደንበኛ በር ላይ አጥፍቶ ዕቃ አስረከበ። ተመልሶ ማስነሻውን ቢጫን ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ንቅንቅ አላለም። ከኮርቻው ሥር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ፤ የዳሽቦርዱም መብራት በየጠቅታው ፍዝዝ ይላል።

ያ ጠቅታ የሬሌው ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ። ሬሌው ሲስብ ሞተሪኖው ባትሪውን ይጫነዋል፣ ቮልቱ ይወርድና ሬሌው ይለቃል፤ ጭነቱ ሲነሳ ቮልቱ ያገግምና እንደገና ይስባል።

ተገፍቶ ተነሳና ጋራዥ ተመለሰ። (ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጅ በፓምፕ ተገፍቶ የሚረጭለት ሞተር ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግፊያውም አያድነው ይሆናል፤ የነዳጅ ፓምፑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።)

«12.7 እኮ ነበር!» አለ መካኒኩ። ነበር፤ ግን ሌሊቱን ቻርጀር ላይ አድሮ በተነቀለ በደቂቃዎች ውስጥ የተለካ ነው። ቻርጅ ያኔ በባትሪው የውስጥ ሳህኖች ገጽ ላይ ይከማችና ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ወይ ለጥቂት ሰዓታት ማሳረፍ፣ ወይ የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርቶ ማጥፋትና ትንሽ ቆይቶ መለካት ነው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ በሉት።

ባትሪው እንደገና ሙሉ ቻርጅ ተደረገ፤ 7 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በአሥር አንዱ፣ በ0.7 አምፒር፣ ቀስ ብሎ። አርፎ ሲለካ 12.5። ቴስተሩ እንደተያዘ ማስነሻው ተጫነ፦ 8.4። ቻርጅ የሞላ ባትሪ ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ አቅሙ አልቋል።

ሆኖም ወዲያው ባትሪ መግዛት አይገባም። ብዙ ጤነኛ ባትሪ የሚጣለው በላላ ብሎን ወይም አረንጓዴ ባወጣ ተርሚናል ጥፋት ነው። ስለዚህ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ምሰሶ፣ ሌላው በገመዱ ጫፍ ላይ ተደርጎ ማስነሻው ተጫነ። ከ0.2 ቮልት በላይ ቢያሳይ ጥፋቱ የግንኙነቱ ነበር፤ 0.05 አሳየ። በሌላ ባትሪ አስነስተው ሞተሩ በደቂቃ 5000 ዙር ሲዞር የቻርጁን መስመር ለኩ፤ 14.2፣ ዲናሞውም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተርም ደህና። ጥፋቱ የባትሪው ብቻ ሆነ።

አሮጌው ሲወጣ መጀመሪያ ኔጋቲቩ ተፈታ፤ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው መፍቻው ፍሬሙን ከነካ ብልጭታ ይገጥመዋል። አዲሱ ሲገጠም ፖዘቲቩ ቀደመ።

ወረቀቱ ላይም «ባትሪ ደህና» የሚለው ተሰርዞ ሁለት ክፍት ቦታ ገባ፤ አንዱ «አርፎ»፣ ሌላው «ሞተሪኖ ሲዞር»። የመጀመሪያው መስመር፦ 12.8፣ 10.9።