ከአሮጌ ቲሸርትና አንሶላ የጎነጎንኩት ምንጣፍ

ሳሎን ላይ የሚነጠፍ ደህና ምንጣፍ ዋጋው አይቀመስም። ቁም ሳጥኔ ደግሞ ከማይለበስ ቲሸርትና ከሳሳ አንሶላ ብዛት አልዘጋ ብሏል። ስለዚህ ምንጣፉን ራሴ ልሰራው ተነሳሁ። ሽመና ዕቃ ይፈልጋል፣ ኪሮሽ ከእጄ ጋር አይግባባም። መጎንጎን ግን ሹሩባ ለሰራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገንዘብ ያወጣሁት ለወፍራም የጥጥ ክርና ከስር ለሚነጠፍ የማያንሸራትት ጎማ ብቻ ነው።

ከመቀሱ በፊት ሒሳብ ሰራሁ። የፈለግኩት 120 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ምንጣፍ ነው። ጉንጉኑ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሰፋ፣ ይህን ለመሙላት 33 ሜትር ገደማ ጉንጉን ያስፈልጋል። ጨርቅ ሲጎነጎን ያጥራል፤ ስለዚህ ለሦስቱም ዘለላ ለእያንዳንዳቸው ወደ 40 ሜትር አዘጋጀሁ። አንድ መካከለኛ ቲሸርት ከብብት በታች ያለው፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እየዞረ ሲቆረጥ 8 ሜትር ያህል ይወጣዋል። አንድ አንሶላ ግን በ7 ሳንቲ ሜትር ሲቀደድ 40 ሜትር ይሰጣል። በጀት ለሚያሳስበው ሰው አንሶላ ነው አዋጩ።

ጨርቁን በሙቅ ውሃ ማጠብ ቀዳሚው ሥራ ነው። የሚኮማተረው አሁኑኑ ይኮማተር። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽበት። ቀለሙ ነጩን ከነካው ጨርቁን ተወው፣ በተለይ ቀይ ከሆነ። የሚያንሸራትት ፖሊስተርንም አላስገባሁም፤ ጉንጉኑ ውስጥ አይረጋም።

አንሶላውን ጫፉ ላይ በመቀስ ነካ አድርጌ በእጄ ቀደድኩት። ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብናኙ ግን ቤቱን ያለብሰዋልና መስኮት ይከፈት። ቲሸርት ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ሳብ ሲደረግ ራሱን ይጠቀልልና የተቆረጠውን ጠርዝ ውስጥ ይደብቃል። ያንን ሳይ ሥራው ከዚያ በኋላ እንደሚቀል ገባኝ።

ቁራጮቹን በቋጠሮ አላያያዝኩም፤ ቋጠሮ እግር ይቆረቁራል። የሁለቱንም ጫፍ በትንሹ በሳሁ። የአዲሱን ጫፍ በአሮጌው ቀዳዳ አሳለፍኩ፣ የአዲሱን ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ በራሱ ቀዳዳ አሾልኬ ጎተትኩ። ጥብቅ ይላል፣ አያብጥም። በሦስቱ ዘለላዎች ላይ የሚቀጣጠሉት ቁራጮች ርዝመታቸው ይለያይ፤ አለዚያ መገጣጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይከማቹና ጉንጉኑ እዚያ ጋ ይወፍራል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። አንዱን ዘለላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩት። የቀሩትን ሁለቱን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ሄድኩ። ያገኘሁትን ሁሉ እንደደረሰ ብጎነጉን ኖሮ የቆሻሻ ክምር ይመስል ነበር።

ምንጣፉን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን መስፋቱ ነው። ለሞላላ ምንጣፍ መሃሉ የሚጀምረው በቀጥታ መስመር ነው፤ የመስመሩ ርዝመት ከምንጣፉ ርዝመት ላይ ስፋቱን ሲቀንሱ የሚገኘው ነው፣ የእኔ 40 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ጉንጉኑ ይታጠፍና ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር ከበፊተኛው የሚረዝመው የጉንጉኑን ስፋት ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ለእኔ ይህ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዙሩ ትንሽም ሆነ ትልቅ ያው ነው። ይህ ጭማሪ የሚውለው በሁለቱ ኩርባዎች ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የውጭውን ጉንጉን አንድ አንድ ዓይን (በጉንጉኑ ጎን የሚታየውን እጥፋት) እየዘለልኩ ሰፋሁ። ቀጥ ባለው ጎን ግን ዓይን ለዓይን።

ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሰፋ። ጭን ላይ ሲሰፋ የጭኑን ቅርጽ ይይዛል። ጠርዙ ወደ ላይ ከተነሳ የውጭው ጉንጉን አጥሮበታል፣ ከተሸበሸበ በዝቶበታል። ከሁለት አንዱ ከታየ ያለ ምሕረት የመጨረሻውን ዙር መፍታት ነው። በካውያ አስተኛዋለሁ የሚል ሰው ካለ አይድከም፤ በእግር ሲረገጥ ይመለሳል።

ከስር በሙጫ መለጠፍ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልወደውም። ሙጫው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ምንጣፉም ከዚያ በኋላ አይታጠብም። ጎማውን ሳልሰፋው ከስር አነጠፍኩት። ክሩ በጉንጉኖቹ መሃል ተደብቆ ስለሚያልፍ ሁለቱም ፊት አንድ ነው፤ አንዱ ሲቆሽሽ እገለብጠዋለሁ። ስታጥቡት ግን አትጨምቁት፣ ገመድ ላይም አትስቀሉት። ውሃ ሲይዝ ይከብዳል፣ በራሱ ክብደትም ይለጠጣል። ዘርግታችሁ አድርቁት።